በወንዙ አፍ ላይ የተጣለ መረብ

(ሐምሌ፣ ረፋድ ላይ፤ አንድ ወንዝ ጣና ሐይቅ በሚገባበት አፍ ላይ፣ ዓሣ አጥማጁ አያልነህና የዱር እንስሳትና የዓሣ ሀብት ኮሌጅ ተማሪዋ ልጁ ፈንታነሽ በአንድ ታንኳ ተቀምጠዋል፤ የአያልነህ መረብ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል።)

ፈንታነሽ፦ አንሳው አልኩህ እኮ! በማርያም ይዤሃለሁ አባዬ፣ አንሳው!

አያልነህ፦ በማርያም አትያዢኝ፤ ይልቅ የመረቡን ጫፍ ያዢልኝ። እንግዳ በባዶ መሶብ አልቀበልም።

ፈንታነሽ፦ እንግዶቹ እነማን ሆኑና! መምህራችን ከነተማሪዎቻቸው የሚመጡት ለተግባር ትምህርት ነው። ዓሣው ዕንቁላሉን ሊጥል ወንዙን ሲወጣ ሊያሳዩን! የዓሣ ጥበቃ ሰዎችም አብረው አሉ።

አያልነህ፦ እሰይ! ለነሱም ይተርፋል።

ፈንታነሽ፦ አትቀልድ። በክረምት የወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ክልክል ነው።

አያልነህ፦ ልሸጠው ነው? ላበላው ነው እንጂ! «የልጄ መምህር ቤቴ ይውላሉ» ብዬ ለመንደሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ዛሬ ዓሣ አጥማጅ ቤት ሽሮ ይቅረብ? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይበሉኝ?

ፈንታነሽ፦ ሽሮ በልቶ የተቀየመ መምህር አላውቅም።

አያልነህ፦ እኔም ሰው ቤት በልቶ የባለቤቱን ልጅ በፈተና የጣለ መምህር አላውቅም። አምና ለጥቂት እንዳለፍሽ ያልሰማሁ መሰለሽ? ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመትሽ ነው። የበላ ሰው እጁ አይጨክንም።

ፈንታነሽ፦ ለዚህ ነው?

አያልነህ፦ ታዲያ በዚህ ዝናብ የወጣሁት ዓሣ አምሮኝ ነው?

ፈንታነሽ፦ ወይኔ አባዬ! ይህን መረብ ቢያዩ ማለፉ ቀርቶ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ስሜን ሲጠሩ እኮ ከነአንተ ስም ነው የሚጠሩኝ።

አያልነህ፦ ስንት ወንዝ ሞልቶ ማን ወደዚህ ምሪያቸው አለሽ?

ፈንታነሽ፦ አፌ ነዋ! የከተማ ልጆቹ ስለ ወንዝ ሲጠየቁ ዝም ሲሉ፣ «በእኛ አገር ዓሣው ሲወጣ ውሃው ይፈላል» አልኩ። መምህሩም «እስቲ አሳዪን» አሉኝ።

አያልነህ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ፈንታነሽ፦ አንተም የወንዙን በር ቆልፈህ ጠበቅከኝ።

አያልነህ፦ ጉድ እኮ ነው! ጉማሬ ቆጥራ፣ ወፍ ቆጥራ ትመለሳለች ብዬ ሁለት ዓመት ልኬ፣ አባቷን ልትከስ!

ፈንታነሽ፦ መች ከሰስኩህ? ብናገር አንተን አጣሁ፣ ዝም ብል ትምህርቴን። የት ልግባ? መግቢያ መውጫ አሳጣኸኝ እኮ! ይቺን ዓሣ እያት እስቲ፣ መረቡ ላይ ያለችውን።

አያልነህ፦ ወፍራም ናት። ለመምህሩ ትሆናለች።

ፈንታነሽ፦ ወፍራም አይደለችም፤ ዕንቁላል ነው። የምትወጣበት ሌላ በር የላትም፤ አንተ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሃል።

አያልነህ፦ አባቴም እዚሁ ነበር የሚጥለው። ዓሣው መች አለቀ?

ፈንታነሽ፦ ድሮ አንዴ ጥለህ ታንኳው አይሞላም ነበር? ዛሬ ከጎህ ጀምረህ የያዝከው ይኸው እግርህ ስር ነው። ለአንድ ድስት አይሞላም።

አያልነህ፦ ዝናቡ ነው።

ፈንታነሽ፦ ዝናብ መች ዓሣ ያሳጣል? አንተው አይደለህ «ዝናብ ሲጥል ዓሣው ይወጣል» እያልክ ያሳደግከኝ?

አያልነህ፦ እስቲ ዝም በይ። ይሄ ሞተር ነው?

ፈንታነሽ፦ ሞተር ነው። መጡ! አንሳ አባዬ!

አያልነህ፦ አላነሳም! በመንደሩ ፊት ተዋርጄ ልገባ? ይልቅ ተነሺና በነጠላሽ አመልክቺያቸው። በማዶው ወደብ ይውረዱ። «በዚህ በኩል ደለል ነው፣ ጀልባ አያሳልፍም» በያቸው።

ፈንታነሽ፦ ልዋሽ?

አያልነህ፦ ላባትሽ ነው።

ፈንታነሽ፦ ስዋሽ ጆሮዬን ስትቆነጥጠኝ የኖርክ አንተ አይደለህ?

አያልነህ፦ ዛሬ ግን እየለመንኩሽ ነው። ያስሩኛል ፈንታ። መረቡንም ዓይኔ እያየ ያቃጥሉታል። ሌላ መረብ የለኝም፤ ታውቂያለሽ።

ፈንታነሽ፦ አባዬ፣ ተው!

አያልነህ፦ እባክሽ ልጄ።

ፈንታነሽ፦ እሺ። እዋሽልሃለሁ። ታንኳውን ደግፈህ ያዝልኝ፣ ልቁም።

አያልነህ፦ ተባረኪ! እደጊ! ድሮም የኔ ልጅ እኮ ነሽ። ነጠላውን ከፍ፣ ከፍ አድርጊው።

ፈንታነሽ፦ መምህር! ኧረ መምህር! በዚህ ይምጡ! ወደዚህ!

አያልነህ፦ ምን ነካሽ? በማዶ አልኩሽ እኮ! አንቺ ልጅ፣ ልትገድይኝ ነው?

ፈንታነሽ፦ ቶሎ ይምጡ! መረብ ወንዙን ዘግቶት ነበር! አባቴ ከጎህ ጀምሮ ብቻውን እያነሳው ነው! ዓሣውን እየለቀቀ ነው! ኑ አግዙት!

አያልነህ፦ ማን? እኔ? መቼ አነሳሁ?

ፈንታነሽ፦ ዋሺ አልከኝ፣ ዋሸሁልህ። በል እንግዲህ ጎትት አባዬ፤ ሳይደርሱ እውነት አድርገው።