ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከውኃ ወረፋ ስመለስ፣ ጎረቤታችን አቦይ ሓይሉ በቆርቆሮ ላይ የባትሪ ድንጋይ እንደ በርበሬ አስጥተው ሲያገላብጡ ደረስኩ። እዚህ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ሲመታው ነፍስ ይዘራል ብለን ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን። በዚያ ቀን ግን መካከላቸው ሦስት ወፍራም፣ እንግዳ ድንጋዮች ነበሩ።

ሄርመላ በዚያው ታልፍ ነበር። ኤሌክትሪክ ተምራ መጠለያው ውስጥ ስልክ የምትጠግን ልጅ ናት። ስታያቸው ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች።

«አቦይ፣ እነዚህን ከየት አመጧቸው?»

«ከገዳሪፍ ከተማ ነዋ! ከተሰበረ ላፕቶፕ ውስጥ የወጡ ናቸው። ለጽገወይኒ ባትሪ እንዲህ ያለ እገጥማለሁ ስትይ ሰምቼ ቀደምኩሽ።»

ጽገወይኒ እኔ ነኝ፤ እውነት ብለዋል። ልጄ መርሃዊት ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ሲመሽ ጊንጥ አያጣውም፤ ባትሪያችን ደግሞ ገና ከደጅ ሳትርቅ ይጠፋል። ሄርመላ ቀደም ሲል በላፕቶፕ ድንጋይ ላድሰው ስትለኝ ግን የሣር ቤታችን ሲነድ፣ ልጄም ከውስጥ ስትጮህ ታየኝና እምቢ ብያት ነበር።

ሄርመላ ሦስቱን በጨርቅ ይዛ ወደ ጥላ አወረደቻቸው። «ይኸው፣ ግለዋል። የድሮው ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሲውል ቢበዛ ይፈሳል። ይህኛው ግን እሳት ሊተፋ ይችላል።»

«ሰላሳ ዓመት ሳሰጣ ጢሜ እንኳ አልተለበለበም!»

«ጢምዎ ዕድለኛ ነው። ሰላሳ ዓመት ያሰጡት ግን ይህን አይደለም፣ አቦይ።»

«እንግዲያስ ቤቴ አይገባም!» አልኩ። «እሳት የሚተፋ ነገር ከነፍሰ ጡር ጋር ላሳድር?»

«መፍራትዎ ልክ ነው፣ አደይ፤ ግን የምንፈራውን ለይተን እንወቅ። እያንዳንዱን እለካዋለሁ። ከሁለት ቮልት ተኩል በታች የወረደ፣ የዛገ ወይም የተጨፈለቀ አይገባም። ደህናውን፣ ሲሞላ ኤሌክትሪኩን ራሱ ከሚያቋርጥ ትንሽ ሰሌዳ ጋር እገጥመዋለሁ። እርስዎም ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ባዶ መሬት ላይ፣ ሰው እያየው ይሙሉት።»

«ብረሳውስ? ዝናብ ቢመታውስ? ቢወድቅስ?»

«ቢረሱት ሰሌዳው ያቋርጣል። ከረጠበ ወይም ከወደቀ ሳይሞሉት ወደ እኔ ያምጡት። ጊንጡንስ ማን ያቋርጠዋል፣ አደይ?»

ገብቼ ባትሪያችንን አመጣሁላት። አቦይ ሓይሉም ቆርቆሯቸውን እያዩ፣ «ከሦስቱ የሚጣለው የቱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ድንጋዮቹ ሲቀዘቅዙ ለካቻቸው፤ ሁለቱ ከተባለው ልክ በታች ሆነው ተጣሉ። «የተረፈውን ለመርሃዊት አድርጊላት» አሉ፣ በመለኪያው ፊት እንደ ተማሪ ጎንበስ ብለው።

በማግስቱ ምሽት መርሃዊት ስትወጣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ብርሃኑን በዓይኔ ተከተልኩ። መንገዱ መካከል ቀጥ አለ። ወደ እርሷ ሮጥኩ።

«እማ፣ ጊንጥ ነው! አይቼዋለሁ፤ አትምጪ፣ በዚህ በኩል እዞራለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ሄርመላ የጎረቤቶቻችንንም ባትሪ ስላደሰች በየሳምንቱ ድንጋይ መግዛት ቀረ፤ እየፈሰሰ በየቤቱ ጓሮ የሚጣለውም ቀነሰ። ልጄ ለመውጣት ሰው ቀስቅሳ አትለምንም። አቦይ ሓይሉም የላፕቶፕ ድንጋይ ያሰጣ ካዩ ቆመው ሳያስወርዱ አያልፉም። እኔ ግን አሁንም ባትሪው እስኪሞላ ከአጠገቡ አልነሳም።