ደግሜ ያላነበብኩት ገጽ

በእኛ ጊዜ ልጄ፣ በዓይን ብቻ ማንበብ የሚባል ነገር አናውቅም። እስቲ ያንን ማዳመጫ ከጆሮሽ አውጪውና ስሚኝ። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ እንግሊዝኛ አነባለሁ ትይኛለሽ፣ እኔ ግን ድምፅሽን አልሰማሁም። በእኛ ጊዜ ያነበበ ሰው ጎረቤት ይሰማው ነበር።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ይህን ታውቂያለሽ። እዚሁ ቢቸና፣ ግቢያችን ውስጥ ልጅ ሰብስበው ዳዊት ያስተምራሉ፣ እና እኔም ከወንዶቹ መሀል ገብቼ ተማርኩ። መጀመሪያ ውርድ ንባብ ነው፣ ድምፅሽን ጎተት ጎተት አድርገሽ መጨረሻው ላይ ወረድ ታደርጊዋለሽ። እሱ ሲጠና ወደ ቁም ንባብ ትገቢያለሽ፣ ያ ዜማ የለውም፣ እንደ ወሬ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። ታዲያ አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙ። የተኙ ይመስልሻል። አንዷን ፊደል ስትውጪ ግን "እህ" ይላሉ፣ እና ከላይ ትጀምሪያለሽ። ደግመሽ ትስቻለሽ፣ "እህ"፣ ደግሞ ከላይ። የሚቆጣ የለ፣ የሚያፍር የለ፣ እንዲሁ ነው የሚዋለው።

ከዚያ አስኳላ ገባሁ፣ እና እንግሊዝኛ መጣ። አስተማሪያችን ከሐረር ተመድበው የመጡ ሰው ነበሩ፣ ቀጭን፣ የቢቸና ብርድ አልስማማ ያላቸው፣ ሁልጊዜ የሚያስሉ። "ዓይን ያነበበውን አፍ አያውቀውም" ይሉናል። "ቤታችሁ ገብታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ የሚሰማችሁ ሰው ፈልጉ።" እኔ ማንን ልፈልግ? እናቴ ሥራ በዝቶባታል፣ እና አባቴን ያዝኳቸው።

"አባዬ፣ እንግሊዝኛ ላንብብልዎት?"

"እኔ ምኑን አውቄው?"

"አይወቁት፣ ብቻ ይስሙኝ።"

"በይ እንግዲህ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ታዲያ በምን አነበብኩት መሰለሽ? በውርድ ንባብ ነዋ። አዲስ መጽሐፍ የሚጀመረው በውርድ ነው፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው፣ እንግሊዝኛ ሲሆን ይቀየራል ያለኝ የለ። "ዘ ፋር…መር ጎ…ዝ ቱ ማር…ኬት" እያልኩ መጨረሻዋን ወረድ አደርጋታለሁ። አባቴም "እህ፣ እዚያች ጋ ፈራሽ" ይሉኛል። ቋንቋውን ሳያውቁ እንዴት አወቁ ትይኝ ይሆናል። ስጠራጠር ድምፄ ይቀንሳል፣ እሷን ነው የሚሰሙ። እኔም ያቺን ቃል ይዤ በነጋታው አስተማሪውን እጠይቃለሁ፣ እና ማታ መጥቼ ከላይ እጀምራለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አፌ ተፈታ። አንድ ቀን አስተማሪው "ጥሩወርቅ፣ አንቺ እኮ እንግሊዝኛ አስተማሪ ይወጣሻል" አሉኝ። አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምኞት አልነበረኝም። ሽማግሌ ሲላክብኝ እንኳ "ቆዩ" አስባልኩ።

ታዲያ ሞጣ ላይ ለአስተማሪነት ይፈትናሉ ተባለ። የጽሑፉን አለፍኩ፣ የቀረው ፈታኞች ፊት ቆሞ ማንበብ ነው። ገባሁ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። "አንብቢ" አሉኝ። እኔም የሰጡኝን የእንግሊዝኛ ገጽ ይዤ ድምፄን ከፍ፣ ጎተት፣ ወረድ። ወንዶቹ ተያዩ። አንደኛው "እህት፣ ማኅሌት ቆመሽ ነው እንዴ?" አለና ሳቀ፣ ያኛውም ሳቀ። ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። "ተው እንጂ" አለቻቸው። "አንድ ቃል እንኳ አልሳተችም። በይ እህቴ፣ ዜማውን ተይውና ደግመሽ አንብቢው።"

ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሴትየዋ ትጠብቀኛለች፣ ወረቀቱም በእጄ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ እና ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ቢቸና ስመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

"እህስ?" አሉኝ።

"ሳቁብኝ።"

"ከሳቁብሽ ወዲያስ?"

"ደግመሽ አንብቢ አሉኝ።"

"አነበብሽ?"

"ተነስቼ ወጣሁ።"

"ልጄ፣ ተማሪ ሲያርሙት ይነሳል?" አሉኝ። በቁጣ እኮ አይደለም፣ የእውነት ጠፍቷቸው ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን አልፌያቸው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ሲመሽ እንደ ልማዳቸው ይቀመጡና "ዛሬ አታነቢልኝም?" ይሉኝ ነበር። እኔ "ሥራ አለብኝ አባዬ" እላለሁ። እያሉ እያሉ እሳቸውም መጠየቁን ተዉት። ከዚያ አገባሁ፣ ጤፍ ንግድ ገባሁ፣ እሳቸውም አረፉ።

እኔን የሚቆጨኝ መሳቃቸው እንዳይመስልሽ። ሰው ነው፣ ያልለመደውን ሲሰማ ይስቃል። "ዜማውን ተይው" ማለት እኮ በቁም ንባብ አንብቢው ማለት ነው፣ እና ቁም ንባብ አላውቅም እንዴ? ከልጅነቴ የማውቀውን ነው የጠየቁኝ። የማውቀውን። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጤፍ እየሰፈርኩም ትዝ ይለኛል።

ምን አልሽ? "እማማ፣ እስቲ አሁን ያንብቡልኝ"? ወግጂ፣ ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አታሰኚኝ። ጥርሴ ረግፎ በየት በኩል ልያዘው? … በይ እሺ፣ አምጪው ስልክሽን። ጠጋ አድርጊው። "ዚስ … ኢዝ … ዘ … ፈርስት …"

ይኸው ሳቅሽ። ሳቂ፣ ሳቂ፣ ግድ የለም፣ እኔም እየሳቅሁ ነው። ያን ቀን አብሬያቸው ስቄ ደግሜ ባነብበው ኖሮ፣ ይህ ሁሉ የቢቸና ሰው ዛሬ "ቲቸር" ነበር የሚለኝ።