«ጥሩ ነው» ያልኩት ፊልም

የልጅ ልጄ ማርታ እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ሲኒማ ቤት ይዛኝ የሄደችው የዚያ የሚበረው ጀግና ፊልም ክፍል ሁለት ወጣ ብላ ነው። በማግስቱ ጠዋት የጡቴን ምርመራ ውጤት ልሰማ ቀጠሮ ነበረኝ፤ እንዳትጨነቅ ብዬ አልነገርኳትም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ፎቅ ሲፈርስ አየሁ። ጀግናው በክፍል አንድ ሞቶ ተቀብሯል፤ በዚህኛው አቧራውን አራግፎ ተነሳ፤ እንዴት ተነሳህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንኳ የለም።

መኪና ውስጥ ገብተን «እንዴት ነበር?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው» አልኳት።

ያስነሳችውን ሞተር መልሳ አጠፋች። «እማማ፣ እርስዎ ጥሩ ነው ያሉት ፊልም የለም። የእኔን ግራጁዌሽን እንኳ ንግግሩ ባዶ ነው ብለዋል። ታመዋል እንዴ?»

መሪውን ለቃ ወደ እኔ ስትዞር አፌን ከፈትኩ። የፊልሙ ክፉ ሰውዬ ለምን እንደከፋ ራሱም አያውቅም አልኩ። ሴቲቱ የተቀጠረችው ለመጮኽ ብቻ ነው፤ ደራሲው መጽሐፍ ገልጦ የሚያውቅ አይመስለኝም አልኩ። ኮልፋክስ ጎዳና ስንደርስ ማርታ ትስቅ ነበር።

«ኦኬ፣ ደህና ነዎት» አለች።

የጠዋቱን ቀጠሮ አስቤ አንዱን ስህተት ብቻ ሳልነካው አለፍኩ፤ ጀግናው ከሞት እንደዚያ በቀላሉ መነሳቱን።