አንድ ባሕር ዛፍ፣ ሁለት ፈቃድ

በጃንሆይ ጊዜ ፒያሳ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃችን ማመልከቻ አንድ በአንድ መፈረም ሰለቻቸውና፣ «ጉዳያቸው የሚመሳሰለውን ሃያ ሃያ እያደረግህ እሰር፤ ለእስሩ አንድ ጊዜ እፈርማለሁ» አሉኝ። እኔም የዛፉን ከዛፍ፣ የአጥሩን ከአጥር ጋር እያሰርኩ አቀርብ ጀመር። ሥራው እንዴት እንደ ቀለለልን አትጠይቁኝ!

አንድ ጠዋት ወይዘሮ አጸደና ጎረቤታቸው አቶ ሽብሩ፣ የጊዮርጊሱ ባለሱቅ፣ እየተጯጯሁ ገቡ። ወይዘሮ አጸደ፣ ድንበር ላይ ያለው ባሕር ዛፍ ቤቴ ላይ ሊወድቅ ነውና ልቁረጠው ብለው አመልክተው ነበር። አቶ ሽብሩ ደግሞ፣ አባቴ የተከለው ነውና እንዳይነካብኝ ብለዋል። ለካስ ሁለቱንም በአንድ እስር ከትቻቸዋለሁ! በሁለቱም እጅ «እንደ ጥያቄው ይፈጸም» የሚል ወረቀት አለ። ሁለቱንም አለቃዬ ዘንድ አስገባኋቸው።

«ለሁለታችሁም ተፈቅዷል፤ ታዲያ ምን ቅር አላችሁ?» አሉ አለቃችን።

«ጌታዬ፣ ዛፉ እኮ አንድ ነው!» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

አለቃችን ብዕራቸውን አነሡ። «እንግዲያው ከወገቡ በላይ ያለውን እርስዎ ይቁረጡ። ከወገቡ በታች ያለው የአቶ ሽብሩ ነው፤ አይነካም» ብለው ፈረሙ።

እኔ ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነክሼ እስከ ደረጃው ሸኘኋቸው። አቶ ሽብሩ እዚያ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«እመቤቴ፣ ዛፉን እኔው ከሥሩ ቆርጬ እጥልልዎታለሁ። ብቻ እዚህ ቤት ዳግመኛ አንምጣ።»

«ማገዶውንማ እኩል እንካፈላለን» አሉ ወይዘሮ አጸደ።