በቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ ከቦታቸው ስለተነሡት ስልሳ ብልቃጦች

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ካሳነሽ ወልደአማኑኤል
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ በእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ረዳት
አድራሻ፦ ጅጅጋ ከተማ፣ ቀበሌ 04፣ የቤት ቁጥር 217
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ግንቦት 9 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ዘነበ

ዛሬ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የውርጃ በሽታ አለባቸው ተብለው እንዲታረዱ ሐሳብ ከቀረበባቸው ዘጠኝ ግመሎች አንዷ፣ በከተማው ዳር ባለው የማቆያ በረት ውስጥ ሕያው ግልገል ወልዳለች።

ግመሊቱ ከደምበል የመጣችው የወ/ሮ ኢዲል ናት፤ ስሟ ዐደይ ይባላል። በረቱ ወደ ሥራ በምሄድበት መንገድ ላይ ስለሆነ ሰው ተሰብስቦ አይቼ ቆምኩ። ግልገሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ ለመነሣት ይታገል ነበር። ከዚያ ተነሥቼ ላቦራቶሪ ሳልገባ በቀጥታ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጣሁ። የጠራኝ ሰው የለም። የመጣሁት የሥራ ባልደረባዬ ኢሴ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ የታሰረበት ጉዳይ የእኔ እጅ ሥራ መሆኑን ዛሬ ጠዋት ስላወቅሁ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ከቀድሞው አሠራራችን እጀምራለሁ። በላቦራቶሪው የተቀጠርኩት በ1961 ዓ.ም. ነው። አባቴ በዚህ ከተማ ሰፍሮ የቀረ ወታደር ስለነበር የተወለድኩትም እዚሁ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ኃላፊያችን የነበሩት አቶ አድማሱ ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ በባቢሌ በኩል ወደ ሐረር ሸሽተን፣ በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ስንመለስ ላቦራቶሪው መስኮትና በር አልነበረውም። አቶ አድማሱ ከወደቀ የጥይት ሳጥን ቆርቆሮ ቆርጠው፣ ስልሳ ቀዳዳ በሥተው የብልቃጥ መደርደሪያ ሠሩ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሞረድ ሲያለሰልሱ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ወረቀት ስላልነበረን የሳምንቱን የምርመራ ዕቅድ የሚጽፉት ግድግዳው ላይ በከሰል ነበር። የትኛው ደም መቼ እንደሚገባ፣ ሙቅ ውሃው መቼ እንደሚጣድ፣ ማን ሰዓት እንደሚጠብቅ ሁሉ እዚያ ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ የማጠፋው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሥራው ከባድ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ድካሙ ትዝ አይለኝም።

ክር ማሰርም የተጀመረው ያኔ ነው። ባለግመሎቹ ደማቸውን ሰጥተው ዝም ብለው አይሄዱም፤ በመስኮቱ በኩል ቆመው የየራሳቸውን ያያሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት ከገበያ የሚመርጠው የክር ቀለም ነበረው። የኢዲል ቤት ከእናቷ ጀምሮ ቀይ ነው። የአቶ ዐብዱልቃድር ሰማያዊ ነው። ክሩ የሚታሰረው በብልቃጡ አንገት ላይ ሲሆን፣ የአንድ ቤት ብልቃጦች የግመሎቹን ተራ ጠብቀው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ክሩ በሙቅ ውሃ ቀለም ስለሚለቅ መደርደሪያው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተፈትቶ ምስማር ላይ ይሰቀላል። አቶ አድማሱ፣ “ካሳነሽ፣ የሰው ከብት ከሰው ከብት አትቀላቅይ። ነገ መስኮቱ ላይ ቆመው የሚቆጥሩት አንቺን ነው” ይሉኝ ነበር። ይህን አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁበት፤ የቀላቀልኩበት ቀን የለም።

ባለፈው መጋቢት ዶክተር ተሻለ ከአዲስ አበባ ኮምፒዩተር ይዘው መጡ። በፍሎፒ ዲስክ ያለው ፕሮግራም የራሳቸው ሥራ ነው። የናሙናውን ብዛትና የምርመራውን ዓይነት ሲነግሩት የቀኑን ሥራ አቅዶ በወረቀት ያወጣል፤ የሙቅ ውሃውንም ገንዳ በሽቦ ተያይዞ በሰዓቱ ራሱ ያበራል፣ ራሱ ያጠፋል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድኩትም። ሆኖም ሰዓት ከመጠበቅ ገላገለኝ። ኢሴ “ኤዶ ካሳነሽ፣ አሁን ግድግዳሽን ቀለም እናስቀባዋ” ብሎ ቀለደብኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ አብረን በሠራንባቸው ስምንት ዓመታት በሌላ ስም ጠርቶኝ አያውቅም።

እሑድ ሚያዝያ 28 ቀን አቶ አድማሱ ዐረፉ። ቀብራቸው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስለነበር ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። ዶክተር ተሻለና ኢሴ የስልሳ ግመሎችን ደም፣ ሠላሳ የኢዲልን ሠላሳ የአቶ ዐብዱልቃድርን፣ ወደ ብልቃጥ የሞሉት በዚያው ሰዓት ነው። አቶ ዐብዱልቃድር የኢሴ አጎት ናቸው።

ማክሰኞ ሚያዝያ 30 ቀን እንደ ልማዴ ከሁሉም ቀድሜ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ። መደርደሪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቀዩና ሰማያዊው ክር ተደበላልቋል፤ ሁለት ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ፣ ሦስት ሰማያዊ፣ እንዲህ እያለ እስከ ስልሳ። በእሳቸው መደርደሪያ ላይ፣ በቀበርናቸው ማግስት፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዲውል አልፈለግሁም። ዶክተሩና ኢሴ ቸኩለው ነው አልኩ። ከግራ ጀምሬ ቀዩን ሁሉ በተገኘበት ቅደም ተከተል ከአንደኛው እስከ ሠላሳኛው ቀዳዳ አደረግሁት። ሰማያዊውንም በተራው ከሠላሳ አንደኛው እስከ ስልሳኛው ደረደርኩ። ከዚያ ክሮቹን ፈትቼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩ። ክሩ ከተፈታ በኋላ አንዱን ብልቃጥ ከሌላው የሚለየው የቆመበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ገንዳው ራሱ በራ። ኢሴ ሲገባ፣ “ኤዶ፣ ክሩን ፈታሽው?” አለኝ። “ፈታሁት” አልኩ። “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ መደርደሪያውን ውሃ ውስጥ አስገባ። ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

ረቡዕ ግንቦት 1 ቀን ኢሴ ውጤቱን አንብቦ፣ በሽታ የታየባቸውን የዘጠኝ ቀዳዳዎች ቁጥር ለኮምፒዩተሩ ሰጠው። ኮምፒዩተሩ ሰባቱ የኢዲል፣ ሁለቱ የአቶ ዐብዱልቃድር ግመሎች ናቸው ብሎ አተመ። ኢዲል አልተቀበለችም። የእሷ ግመሎች አስወርደው አያውቁም፤ ባለፈው ዓመት ያስወረዱት የዐብዱልቃድር መሆናቸውን እስከ ሽንሌ ድረስ ሰው ያውቃል አለች። “ደሜን ለአጎቱ ብሎ ለወጠው” ብላ ኢሴን የከሰሰችው ከዚህ ተነሥታ ነው።

ዛሬ ጠዋት በበረቱ አጥር ላይ ኢዲል ለዶክተር ተሻለ፣ “ማሽንህ ግመል አልቦ ያውቃል? ና፣ ይህን ግልገል ሞቷል በለዋ!” ስትላቸው ሰማሁ። እሳቸውም ታግሠው ያስረዷት ጀመር። የገንዳው ውሃ አንዱ ዳር ከሌላው ስለሚሞቅ፣ የአንድ ባለቤት ደም ሁሉ በአንድ ወገን እንዳይሆን ፕሮግራሙ ቦታውን እንደ ዕጣ አውጥቶ ያደላድላል፤ የትኛው ቀዳዳ የማን እንደሆነም ወረቀቱ ላይ ይጽፋል አሏት። ይህ የፕሮግራሙ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በዚያ ሰኞ ነው። እኔ ቀብር ላይ ስለነበርኩ አልሰማሁም። “ዶክተር፣ ቀዩና ሰማያዊው የተደበላለቀው ሆን ተብሎ ነው?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “አዎ፤ ምነው እትዬ ካሳነሽ?” አሉኝ። ከዚያው በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ።

ወደ ጣቢያው ስገባ ኢሴ ከሌሎች እስረኞች ጋር ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አለና፣ “ኤዶ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ። ጡረታሽ ሁለት ወር ነው የቀረው” አለኝ። እኔም “ዝም በል፣ ይልቅ ጥላ ውስጥ ግባ” አልኩት። ዘቡ እንዳንነጋገር ከለከለን። ኢሴ ቀደም ሲል በሰጠው ቃል፣ መደርደሪያውን ከእርሱ በቀር የነካ ሰው የለም ማለቱን ቃሌን የሚቀበሉኝ መርማሪ ነግረውኛል። ይህ እውነት አይደለም። ለምን እንዲህ እንዳለ እኔ ልናገርለት አልችልም።

መርማሪው “ብልቃጦቹን ማዛወርሽን ምን ያረጋግጣል?” ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘው የኮምፒዩተሩ ወረቀት እንዲወጣልኝ ለመንኩ። በፊታቸው በቀይና በሰማያዊ እርሳስ የየባለቤቱን ቦታ ምልክት አደረግሁ። በሽታ የታየባቸው ቀዳዳዎች 32፣ 35፣ 38፣ 41፣ 44፣ 47፣ 52፣ 55 እና 58 ናቸው። ሁሉም ከሠላሳ በላይ ናቸው። እኔ በደረደርኩት መሠረት ከሠላሳ በላይ የቆመ ቀይ ክር አልነበረም። ስለዚህ ዘጠኙም የአቶ ዐብዱልቃድር ግመሎች ደም ነው። ተራቸውን ስላላፋለስኩ የትኛዋ ግመል እንደሆነችም ከዚሁ ወረቀት መቁጠር ይቻላል፤ 32ኛው በወረቀቱ ላይ ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፣ 35ኛው አምስተኛው ነው፣ ሌላውም እንዲሁ። መርማሪው ሁለት ጊዜ ቆጥረው ያው ሆነ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ ኢሴም ያየውን ነው የጻፈው።

ይህን ስናገር አቶ ዐብዱልቃድርን ለመጉዳት አይደለም። በ1970 ከሐረር በባዶ እጃችን ስንመለስ፣ ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ለላቦራቶሪው ሠራተኞች የግመል ወተት የላኩልን እሳቸው ናቸው። አቶ አድማሱ መደርደሪያውን ሲሠሩ ያን ወተት እየጠጣን ነበር። ነገር ግን አቶ ዐብዱልቃድር ነፃ የተባሉትን ሃያ ስምንት ግመሎች ይዘው ለቅዳሜ ገበያ ነገ ከሰዓት በኋላ ወደ ባቢሌ ሊነሡ መሆኑን ስለማውቅ፣ ዝም ብል በሽታው አብሮ ይሄዳል፤ የኢዲል የሚታለቡ ግመሎችም ያለ ጥፋታቸው ይታረዳሉ።

ሠላሳው ቀይና ሠላሳው ሰማያዊ ክር አሁንም በመስኮቱ አጠገብ ምስማሩ ላይ አለ። ከሥራ ብታገድ ወይም ጡረታዬ ቢያዝ የሚገባኝን እቀበላለሁ። የምለምነው ኢሴ እንዲፈታና ከስልሳዎቹም ግመሎች እንደገና ደም እንዲቀዳ ነው። በዚያን ቀን መደርደሪያውን ማንም እንዳይነካው እኔ በሩ ላይ እቀመጣለሁ።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ያልኩት ሳይጨመርበትና ሳይቀነስ ተጽፏል። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት እውነተኛ ቃሌ ስለሆነ በፊርማዬ አጽንቼዋለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ካሳነሽ ወልደአማኑኤል
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሃምሳ አለቃ ዘነበ

ማሳሰቢያ፦ የዚህ ቃል ግልባጭ ምልክት ከተደረገበት ወረቀት ጋር ለእንስሳት በሽታ መከላከያ ኮሚቴ ተልኳል። ግመሎቹ ይታረዱ ወይስ እንደገና ይመርመሩ፣ ኮሚቴው ነገ ዓርብ ግንቦት 10 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተሰብስቦ ይወስናል። ተጠርጣሪው ኢሴ እስከዚያው በጣቢያው ይቆያል።