«ፎር ጂ ብቻ» ያሉት የእድር ጸሐፊ

(ጉድባ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለች የምንትዋብ የሞባይል መጠገኛ ሱቅ፤ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ መብራት የለም፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ጋሽ ልሳኑ ባትሪው አልቆ የጠፋ ስልካቸውን ጠረጴዛዋ ላይ ወርውረው ቆመዋል።)

ልሳኑ፦ ለውጠሽዋል ስልሽ ለውጠሽዋል! ደህናውን ባትሪዬን አውጥተሽ ሸጠሽ፣ ገለባ ከተሽልኛል። ሌባ!

ምንትዋብ፦ እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ልሳኑ። ይቀመጡ እንጂ፤ በርጩማውን አሁን ነው የወለወልኩት።

ልሳኑ፦ አልቀመጥም! ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው አድሬ፣ ንጋት ላይ መቶ ሞልቶ የነቀልኩት ስልክ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሬሳ ሆኖ ይገኛል?

ምንትዋብ፦ ኧረ ሬሳ አይበሉ። በዚህ ሰፈር ሬሳ የሚመዘገበው እርስዎ ዘንድ ነው። ስልክዎንም አባል እናድርገውና ድንኳን እንጣልለት?

ልሳኑ፦ ቀልጂ! አንቺ ምን አለብሽ። ክፈቺው አሁኑኑ፣ ዓይኔ እያየ።

ምንትዋብ፦ እየከፈትኩት ነው። ይኸው። ባትሪው የራስዎ ነው፤ የፋብሪካው ተለጣፊ እንኳ አልተነሣም። መጀመሪያ «ሌባ» ያሉኝን ይመልሱልኝ፤ ሌላውን ቀስ ብለን እንጨዋወታለን።

ልሳኑ፦ እ… እሺ፣ ሌባ አይደለሽም። ታዲያ ባትሪውን ማነው የሚበላው?

ምንትዋብ፦ ፍለጋ።

ልሳኑ፦ የምን ፍለጋ? ከኪሴ ሳይወጣ የት ሄዶ ምን ይፈልጋል?

ምንትዋብ፦ ኔትወርክ ነዋ። ቤትዎ የት ነው? ጉድባው ውስጥ፣ ወንዙ ዳር። የፎር ጂው ማማ የት ነው? አፋፉ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። አፋፉ ላይ ያለ ስልክ ከማማው ጋር በሹክሹክታ ይግባባል። ጉድባው ውስጥ ያለ ስልክ ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ መጣራት አለበት። አቤት የሚለው ሲያጣ እንደገና፣ አሁንም እንደገና። ከንጋት ጀምሮ ሲጮኽ የዋለ ጉሮሮ ሦስት ሰዓት ላይ ቢዘጋ ምን ይገርማል?

ልሳኑ፦ ጎረቤቴ አስካለስ? እሷም ጉድባው ውስጥ ናት። የሷ ስልክ ሁለት ቀን ይቆያል።

ምንትዋብ፦ የእትዬ አስካለ ስልክ ፎር ጂ ሲያጣ ወደ ስሪ ጂ ይወርዳል። እሱንም ሲያጣ ወደ ቱ ጂ። እንደ ባለቤቱ ነው፤ ያገኘውን ይዞ ዐርፎ ይቀመጣል። የእርስዎ ግን እንዳይወርድ ተከልክሏል። «ፎር ጂ ብቻ» ላይ ተቆልፏል።

ልሳኑ፦ ማነው የቆለፈው?

ምንትዋብ፦ እኔ።

ልሳኑ፦ እኮ! በአፍሽ አመንሽ!

ምንትዋብ፦ ያዘዘኝስ ማነው? ከሦስት ሳምንት በፊት፣ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ሲያመጡት፣ እዚችው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምን አሉኝ?

ልሳኑ፦ ፈጣን አድርጊልኝ ነው ያልኩሽ። ወንጀል ነው?

ምንትዋብ፦ ሲጨምሩበትስ? ሦስት ደንበኛ ቆሞ እየሰማ? «ቱ ጂና ስሪ ጂ የሚባለውን ቀፎ ለያዘ ሁሉ ተዪለት። የኔን ፎር ጂ ብቻ አድርጊው፤ ወደ ታች የሚወርድበትን ደረጃ ስበሪልኝ» አላሉም? «ጋሼ፣ ባትሪ ይጨርስብዎታል» ብል፣ «አንቺ ካቻቪቴሽን አሽከርክሪ፤ ምክር ሲያምረኝ የተማረ ሰው እጠይቃለሁ» አሉኝ። እኔም አሽከረከርኩ።

ልሳኑ፦ ፍጥነቱማ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ አደባባይ ስወጣ እሳት ነበር። ቪዲዮው ጣቴ ሳይነካው ነው የሚከፈተው።

ምንትዋብ፦ አደባባይ ላይማ ማማው አናትዎ ላይ ነው፤ ለምን አይከፈት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሽ ልሳኑ። ጉድባው አፍ ላይ ሲደርሱ ተፈታብዎት።

ልሳኑ፦ ቆይ እስቲ። ባትሪ እያለውም ሰው ሁሉ «ደውዬ አጣሁህ» የሚለኝስ?

ምንትዋብ፦ እሱማ የባሰው ነው። በእርስዎ ሲም ጥሪ በፎር ጂ አይመጣም፤ ዝቅ ብሎ በስሪ ጂ ወይም በቱ ጂ ነው የሚገባው። ደረጃውን ስበሪ አሉኝ፣ ሰበርኩ። እንግዳው በየት በኩል ይግባ?

ልሳኑ፦ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ዝም አልሽ?

ምንትዋብ፦ እያወቅሁ። አልዋሽዎትም።

ልሳኑ፦ አንቺ ጉድ! ሁለት ቀብር አለፈኝ እኮ በዚህ ስልክ! የመምህር ጥላዬንም፣ የወይዘሮ በለጡንም የሰማሁት ሣልስታቸው ላይ ነው። ሊቀ መንበሩ በቴሌግራም ጽፎት፣ ሰው ሁሉ አንብቦት፣ እኔ ጸሐፊው እንደ ባዕድ ከመንገድ ለመንገድ ሰማሁ!

ምንትዋብ፦ ከባድ ነው። ስንት ቀብር መቅረት ነበር ከእድር የሚያሰርዘው?

ልሳኑ፦ ሦስት።

ምንትዋብ፦ ደንቡን ማን አረቀቀው?

ልሳኑ፦ …እኔ።

ምንትዋብ፦ አንቀጽ አሥራ አራት፣ ሁለተኛው መስመር ምን ይላል? እኔ ተረሳኝ።

ልሳኑ፦ አልተረሳሽም።

ምንትዋብ፦ ከእርስዎ አፍ ልስማው።

ልሳኑ፦ «ኔትወርክ አልነበረም ማለት በቂ ምክንያት አይሆንም።»

ምንትዋብ፦ ድምፅዎ ሲያምር! እንደ ዲያቆን ነው የሚወርድልዎት።

ልሳኑ፦ እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ምንትዋብ። ሁለቱን ይዘው የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። ሦስተኛ ካለፈኝ አለቀልኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የያዝኩት መዝገብ ነው። በዚህ ሰፈር ከእድር የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።

ምንትዋብ፦ ኧረ አሳምሬ። አባቴን ያስታውሱታል?

ልሳኑ፦ አድማሱን? ነፍሱን ይማረው፤ ደግ ሰው ነበር።

ምንትዋብ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ስለዚህ እኔ ልንገርዎት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጎህ ሲቀድ እየተነሣ፣ በዝናብ በጭቃ፣ የዚህን ሰፈር ሞት በጡሩምባ ለፈፈ። ከዚያ እርስዎ ስማርት ስልክ ገዙ። «ዘመኑ የቴሌግራም ነው፤ አድማሱ ይረፍ» አሉ። እሺ፣ ይረፍ። ግን አባቴ የያዘው ተራ ቀፎ ነበር። ቴሌግራም አይገባው፣ ማንም አይነግረው። ሦስት ቀብር አለፈው። ለሰው ሁሉ ሲያሰማ የኖረ ሰው፣ ሳይሰማ ቀረ ተብሎ ተሰረዘ።

ልሳኑ፦ ደንብ ነው፣ ልጄ። ለሰው ብዬ አላጎበጥኩትም።

ምንትዋብ፦ ልጄ ሆንኩ? ቅድም ሌባ ነበርኩ።

ልሳኑ፦ ስማርት ስልክ ይግዛ ብለን መክረነው ነበር።

ምንትዋብ፦ በሐምሌ ሞተ። ድንኳኑ የአባላት ነው ተባልን። ወንበሩ የአባላት ነው ተባልን። ሸራ ከቡና ጫኝ ተዋስኩ። ቀብሩ ላይ አሥራ ሦስት ሰው ቆመ፤ ሁለቱ ቆፋሪዎች ናቸው። እርስዎ ምን ብለው ላኩብኝ? «አልሰማሁም፣ ኔትወርክ አልነበረም።»

ልሳኑ፦ …እውነት አልነበረም።

ምንትዋብ፦ ኔትወርኩ ነው ያልነበረው ወይስ ነገሩ እውነት አልነበረም?

ልሳኑ፦ ሰምቼ ነበር። ደንቡን ራሴ አውጥቼ እንዴት ራሴ ለቅሶ እቆማለሁ ብዬ… ተይ አሁን። ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?

ምንትዋብ፦ ምንም። በሰፈሩት ቁና ነው የሰፈርኩልዎት፤ እፍኝ አልጨመርኩ። እርስዎም ደንቡን አላጎበጡ፣ እኔም ትእዛዝዎን አላጎበጥኩ።

ልሳኑ፦ በቃ፣ ተበቅለሻል። ደስ ይበልሽ። አሁን ስልኩን ወደ ነበረበት መልሺልኝ።

ምንትዋብ፦ ቀላል ነው። ፓወር ባንኩ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ እስኪነሣ እንጠብቅ። ከዚያ ቅንብር ውስጥ እንገባለን፤ የኔትወርክ ዓይነት የሚለውን እንነካለን። ፎር ጂ፣ ስሪ ጂና ቱ ጂ አንድ ላይ የተጻፈበትን ከመረጥን፣ ስልኩ እንደ ቦታው ራሱ ይወጣል ይወርዳል። ከተማ ሲወጡ ይሮጣል፣ ጉድባ ሲገቡ ያዘግማል። ጉድባው ውስጥ ብቻ የሚውሉ ከሆነ ደግሞ…

ልሳኑ፦ ደግሞ ምን? ፍጠኚ እንጂ!

ምንትዋብ፦ ምን ያስቸኩልዎታል? ቀብር አለብዎት እንዴ?

ልሳኑ፦ አፍሽን! የለብኝም።

ምንትዋብ፦ አለብዎት።

ልሳኑ፦ ምን?

ምንትዋብ፦ የሊቀ መንበሩ እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ ንጋት ላይ ዐርፈዋል። ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ልሳኑ፦ በስመ አብ! ማን ነገረሽ? አንቺ እድሩ ውስጥ የለሽም!

ምንትዋብ፦ ይቺን ቀፎ አዩዋት? የአባቴ ናት። ከቱ ጂ ሌላ አታውቅም። ቅዳሜ ነው የሞላኋት፣ ዛሬ ረቡዕ፣ ገና ሁለት ጭረት አላት። ቁጥሩን አልዘጋሁትም፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ጮኸች። ሊቀ መንበሩ ነበሩ። እያለቀሱ «አድማሱ፣ እናቴ ሞተችብኝ፤ ሰፈሩን አሰማልኝ» አሉ።

ልሳኑ፦ አድማሱ? አድማሱ እኮ…

ምንትዋብ፦ እኔም እሱን ነው ያልኳቸው። ከዚያ «ልሳኑ ጋ ስደውል አይነሣም፤ በቴሌግራም የጻፍኩትም ከቅድም ጀምሮ ይሽከረከራል። እጄ የለመደውን ቁጥር ነካ» አሉ።

ልሳኑ፦ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አውቀሽ!

ምንትዋብ፦ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩልዎት። ስልክዎ ውስጥ ያለችው «ሊያገኙዋቸው አይችሉም» የምትለው ሴትዮ እንኳ ታዘበችኝ።

ልሳኑ፦ ቤቴ መውረድ አቅቶሽ ነው? አሥር ደቂቃ መንገድ!

ምንትዋብ፦ እኛ ቤት ማን ወረደ? ሊቀ መንበሩ ሌላም ነገር ብለዋል። ልንገርዎት ወይስ ይቅር?

ልሳኑ፦ ንገሪኝ።

ምንትዋብ፦ «ልሳኑ ሰው ካላሰማልኝ፣ እናቴ ባዶ ሜዳ ላይ ከተቀበረች፣ ሦስተኛውን በሱ ስም እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ።»

ልሳኑ፦ ተነሣ! ስልኩ ተነሣ! ስጪኝ፣ በቴሌግራም ልጻፈው። «ውድ የእድራችን አባላት»… ላክሁት። ምነው? ምነው ይሽከረከራል?

ምንትዋብ፦ መብራት ከሄደ አምስት ሰዓት አልፏል፣ ጋሼ። መብራት ሲሄድ ማማውም በባትሪ ነው የሚቆመው። ባትሪው ሲደክም ቀድሞ የሚተኛው ሆዳሙ ፎር ጂ ነው፤ ቀጥሎ ስሪ ጂ። ዘገምተኛው ቱ ጂ ብቻ ይቀራል። የእርስዎን «እንደምን ዋላችሁ» እንኳ ለማሳለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አባላቱም ስልካቸው ላይ ያንኑ እያዩ ነው፤ ስልካቸው ካልተዘጋ።

ልሳኑ፦ በቱ ጂ ግን ጥሪ ይሄዳል ብለሻል! አንድ በአንድ እደውላለሁ።

ምንትዋብ፦ ይደውሉ፤ ይኸው፣ ቅንብሩን መለስኩት። ግን መቶ ሰማንያ አባወራ ነው፤ የቀረዎት ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። «ማን ሞተ? መቼ? ምን ነካቸው?» ሳይባል የሚዘጋ ጥሪ ካለ ይንገሩኝ። ፓወር ባንኩም ጭላጭ ነው ያለው።

ልሳኑ፦ ምንትዋብ፣ በአባትሽ አጥንት። መላ ስጪኝ።

ምንትዋብ፦ በማን አጥንት?

ልሳኑ፦ በአድማሱ። በበደልኩት በአድማሱ።

ምንትዋብ፦ እንዲህ ነው እንጂ። ቀና ይበሉ። ከጀርባዬ፣ ምስማሩ ላይ ምን ተሰቅሏል?

ልሳኑ፦ ጡሩምባው። አይ! እኔ? ጸሐፊው? በሱፍ ልብስ ጡሩምባ ተሸክሜ?

ምንትዋብ፦ አይከብድም። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ባትሪ አይበላም። ጉድባው ውስጥ እንዲያውም ድምፁ ይበረታል፤ ገደሉ ያስተጋባዋል። ግን ዋጋ አለው።

ልሳኑ፦ የፈለግሽውን።

ምንትዋብ፦ መጀመሪያ የሚነፉት የተሰረዙት ቤቶች ደጅ ነው። ቀፎ ይዘው የተሰረዙት፣ ሃያ ሦስቱም፤ ዝርዝሩ እርስዎ ጋ አለ። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይላሉ፣ እንደ ወጉ። ቀጥለው «ልሳኑ ነኝ፤ የሰረዝኳችሁ እኔ ነኝ፤ ኑልኝ» ይላሉ። ይህችኛዋ በወጉ ውስጥ የለችም፤ እኔ ነኝ የጨመርኳት።

ልሳኑ፦ ይስቁብኛል።

ምንትዋብ፦ ይስቁብዎታል፤ ይመጣሉም። የጉድባ ሰው ለቅሶ አይቀርም፣ ካሰሙት። ሁለተኛ፣ እሑድ ጉባኤው ላይ አባቴን መዝገቡ ላይ ይመልሱታል።

ልሳኑ፦ የሞተን ሰው እንዴት አድርጌ አባል አደርገዋለሁ?

ምንትዋብ፦ በሕይወት እያለ እንዴት አድርገው ቀበሩት? በዚያው ብዕር።

ልሳኑ፦ …እሺ። አውርጂልኝ። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ምንትዋብ፦ ይኸው። በሁለት እጅዎ። አፉን ጨርቅ አስነክቼዋለሁ፤ በየወሩ እወለውለዋለሁ።

ልሳኑ፦ ትንፋሹን… እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ምንትዋብ፦ ከሆድዎ ያምጡት። ጉንጭዎን አይንፉ፤ አባቴ በጉንጩ የሚነፋ ሰው ሲያይ ይስቅ ነበር። ከእኛ ደጅ ይጀምሩ።

ልሳኑ፦ ስልኬስ? ሰው ቢፈልገኝ?

ምንትዋብ፦ እሱ እዚሁ ይረፍ። የሚፈልግዎ ሰው በአባቴ ቁጥር ይደውላል።