መጀመሪያ ለኮተቤ ብቻ

ወሰን ሰፈር ካለች ጠባብ ቢሯችን ሆነን ከሾላ ገበያ አትክልት ገዝቶ ደንበኞች ቤት ድረስ የሚያደርስ አፕ እንሠራለን። በድምፅ ማዘዣ ጨመርንበትና እኔ «ዛሬውኑ ለሁሉም እንልቀቀው!» ስል አለቃዬ ሰላም እጄን ያዘችኝ። «ቢበላሽ ሁሉም ላይ ነው የሚበላሸው። መጀመሪያ ኮተቤ ላሉ ጥቂት ደንበኞች ብቻ ከፍተን እንየው» አለች። እያጉረመረምኩ እሺ አልኩ።

ጠዋት ለቀቅነው። ምሳ ሳይደርስ ከአንድ ስልክ ብቻ ትእዛዝ ይጎርፍ ጀመር፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ እንደገና ቲማቲም! «በቃ፣ ተበላሸ» ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ሰላም ለባለ ስልኳ ደወለችና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እትዬ አስቴር፣ ስልክዎ ብቻውን እያዘዘ ይሆን እንዴ?»

«ኧረ የምን ብቻውን!» አሉ፤ ከኋላቸው የሴቶች ጫጫታ ይሰማል። «መዝሙር ልምምድ ላይ ነን። ስልኬን እያናገርኩ ጎመን ሳዝ አይተው ቢሞክሩ የእነሱ ስልክ እምቢ አላቸው። ይኸው ተሰልፈው በእኔ ስልክ እያዘዙ ነው! እናንተ ልጆች፣ ምን አድርገዋችሁ ነው የከለከላችኋቸው?»

ሳቃችን ፈነዳ። ሰላም እንባዋን እየጠረገች «በል፣ ለሁሉም ክፈተው!» አለችኝ። ከፈትኩት። ትንሽ ቆይቶ የሴቶቹ እልልታ ባልተዘጋው ስልክ አልፎ ቢሯችንን ሞላው። እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ አብሬያቸው እልል አልኩ።